ወረቀቱን አትመኑት፦ የብርቅዬ ሶል ሸክላዎችን ምንጭና ቅጂዎች የማጣራት መመሪያ

አንድ የ1966 የዲትሮይት የሶል (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ሸክላ ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ወጣ እንበል። ባለ 45 ዙር፣ ትንሿ ሸክላ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላል። ዋጋው ኪስ ያራግፋል። ፎቶው ላይ ሸክላው መሀል የተለጠፈው ወረቀት ትናንት የታተመ ይመስላል። ታዲያ ይህ ሸክላ እውነት በ1966 ዲትሮይት ውስጥ ነው የተሠራው? ወይስ ከዐሥር ዓመት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ጮሌ ያሳተመው ፎርጅድ ነው? ዘፈኑንስ መጀመሪያ የቀረጸው ይኸው ዘፋኝ ነው? ሌላ ቅጂ ይኖረው ይሆን?

ይህን ለማጣራት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጥሩ መብራት፣ ማጉያ መነጽር፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃል። እኔ የምከተለው አንድ ደንብ ነው፦ ለገዢ ተብሎ የተጻፈውን እጠራጠራለሁ፤ ለፋብሪካ ሠራተኛና ለሒሳብ ክፍል የተጻፈውን አምናለሁ። መሀል ላይ ያለው ወረቀት የታተመው ለመሸጥ ነው። ፕላስቲኩ ላይ የተጫረው ቁጥር ግን ከፋብሪካ ውጭ ማንም ያነበዋል ተብሎ አልተጻፈም። ስለዚህ ለመዋሸት ምክንያት የለውም።

(እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሶል ላይ ነገሩ ለምን ተወሳሰበ?

በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዲትሮይት፣ ቺካጎ፣ ፊላደልፊያና ሎስ አንጀለስ በትንንሽ አሳታሚዎች ተሞልተው ነበር። አንዳንዱ አሳታሚ አንድ ክፍል ቢሮና አንድ ስልክ ብቻ ነበረው። ጥቂት መቶ ቅጂ ያሳትማል፣ ሬዲዮ ጣቢያ ይልካል፣ ሬዲዮው ካላጫወተው ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሸክላው መጋዘን ገብቶ አቧራ ይጠጣል።

ከዚያ እንግሊዞች መጡ። የሰሜን እንግሊዝ ወጣቶች ፈጣኑንና ለጭፈራ የሚመቸውን የ60ዎቹ ሶል ያዙና አልለቅ አሉ። ጋዜጠኛውና የሸክላ ነጋዴው ዴቭ ጎዲን «ኖርዘርን ሶል» የሚል ስም አወጣለት። ከ1973 እስከ 1981 የሠራው ዊጋን ካሲኖ ደግሞ የጭፈራው ዋና ቤት ሆነ። ዲጄዎቹ ማንም የሌለው ሸክላ ለማግኘት አሜሪካ ድረስ ሄደው መጋዘን በረበሩ።

ለእኛ ራስ ምታት የሆነው እዚህ ላይ ነው። ዲጄው ያገኘውን ሸክላ ሌላው እንዳያውቅበት ወረቀቱ ላይ ነጭ ወረቀት ይለጥፍና የፈጠራ ስም ያወጣለታል። ሕዝቡም ዘፈኑን በውሸት ስሙ ይለምደዋል። ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ ፎርጅድ አታሚ ይከተላል። የዚያ ዘመን የካሴት ቅጂዎች፣ የሽያጭ ዝርዝሮችና ትዝታዎች በእነዚህ የውሸት ስሞች የተሞሉ ናቸው።

1. ወረቀቱን አንብቡ፣ ግን አትመኑት

ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ያለውን ሁሉ ገልብጡ፦ የዘፈኑን ስም፣ ዘፋኙን፣ ከስሙ ሥር በቅንፍ የተጻፉትን ደራሲዎች፣ የዜማ መብት ያዡን ድርጅት፣ «ቢኤምአይ» ወይም «አስካፕ» የሚለውን (ለደራሲዎች ክፍያ የሚሰበስቡ የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው)፣ ፕሮዲዩሰሩን፣ አቀናባሪውን፣ የዘፈኑን ርዝመት፣ ካለም የአሳታሚውን አድራሻ።

ቁጥሮቹን አታምታቱ። አንዱ የካታሎግ ቁጥር ነው፤ ለሁለቱም ገጽ አንድ ነው፣ ሱቅ የሚያዝበት ነው። ሌላው የማትሪክስ ቁጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ገጽ ይለያል፣ የተቀረጸውን ቴፕ ያመለክታል። ለእኛ ወርቁ ሁለተኛው ነው። የአንድ አሳታሚን የማትሪክስ ቁጥሮች በተርታ ስትደረድሩ የትኛው ዘፈን ከየትኛው ጋር እንደተመዘገበ ይገባችኋል። መሀል ላይ የጎደለ ቁጥር ካለም ልብ በሉ። አንዳንዴ ሳይወጣ የቀረ ዘፈን እዚያ ተቀምጧል።

ነጭ ወረቀት ያለው፣ «ለሽያጭ አይደለም» ወይም «የዲጄ ቅጂ» የሚል ሸክላ ለሬዲዮ የተላከ ነው። ሱቅ ከገባው ሊለይ ይችላል፦ አጠር ያለ፣ ሁለቱም ገጽ ላይ አንድ ዘፈን ያለበት፣ ወይም በአንድ ገጽ ሞኖ በሌላው ስቴሪዮ። የእንግሊዝ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። ኢኤምአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የ60ዎቹ የሬዲዮ ቅጂዎች ላይ የሚወጣበት ቀን ወረቀቱ ላይ ታትሟል።

2. ለስላሳውን ቀለበት አንብቡ

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ መርፌው ዝም ብሎ የሚዞርበት፣ እስከ ወረቀቱ ድረስ ያለው ለስላሳ ቀለበት ላይ ጽሑፍ አለ። ሸክላውን ዘንበል አድርጉና የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩበት። ከላይ ካበራችሁ ምንም አይታይም።

በመጀመሪያ የምታገኙት ያው የማትሪክስ ቁጥር ነው። ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል? ካልገጠመ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፦ ወይ ወረቀቱ ተሳስቷል፣ ወይ ሌላ ቴፕ ተተክቷል። ከቁጥሩ ኋላ 2 ወይም 3 ወይም «ቢ» የመሰለ ተቀጽላ ካለ ዘፈኑ ለሸክላ እንደገና ተቆርጧል (ማተሚያው ከቴፑ እንደ አዲስ ተዘጋጅቷል) ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቴክኒክ ብቻ ነው። አንዳንዴ ግን ሚክሱ (የድምፆቹ ሚዛን) ተቀይሯል፣ ወይም መጨረሻው ረዝሟል። ተለዋጭ ቅጂ የሚያድን ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህችን ተቀጽላ ነው።

ቀጥሎ የፋብሪካ ምልክት ፈልጉ። በእጅ የተጫረና በማኅተም የተመታ ይለያያሉ፤ ማኅተሙ ጥርት ያለና እኩል ነው።

በክብ ውስጥ «ኤምአር» የሚል ማኅተም ካያችሁ ሸክላው የታተመው ሎስ አንጀለስ፣ ሞናርክ ፋብሪካ ነው። አጠገቡ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና ቁጥር ይኖራል። ቁጥሩ በጊዜ ቅደም ተከተል ስለሚሄድ፣ ቀኑ የታወቀ ሌላ ሸክላ ጎን አስቀምጣችሁ የእናንተን ዘመን መገመት ትችላላችሁ። እኔ ከዚህ የተሻለ የቀን መቁጠሪያ አላየሁም። የሁለተኛው ገጽ ቁጥር ያው ሆኖ «ኤክስ» ይጨመርበታል።

«ኤአርፒ» የሚል ካለ ሚሺጋን ውስጥ ኦዎሶ በምትባል ከተማ የነበረው አሜሪካን ሪከርድ ፕሬሲንግ ነው። ብዙ የሞታውን (የትልቁ የዲትሮይት ሶል አሳታሚ) እና የሌሎች የዲትሮይት አሳታሚዎች ሸክላ የወጣው ከዚያ ነው። ፋብሪካው በ1972 ተቃጠለ። ስለዚህ ይህ ምልክት ያለው ሸክላ ከዚያ በኋላ ሊታተም አይችልም፤ ምልክቱ ራሱ ካልተቀዳ በስተቀር።

የትልቁ አሳታሚ የኮሎምቢያ ፋብሪካዎች በሦስት ቦታ ነበሩ፦ ፒትማን ኒው ጀርሲ፣ ቴር ሆት ኢንዲያና፣ ሳንታ ማሪያ ካሊፎርኒያ። በየከተማው የመጀመሪያ ፊደል ይለያሉ። «ቤል ሳውንድ» የሚል ማኅተም ደግሞ የፋብሪካ አይደለም፤ ዘፈኑን ለሸክላ የቆረጠው የኒው ዮርክ ስቱዲዮ ነው።

አርሲኤ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ለሌሎች አሳታሚዎች ያተመው ሸክላ ደግሞ ዓመቱን በፊደል ይነግራል። ኮዱ በ«አር» ከጀመረ 1964፣ በ«ኤስ» 1965፣ በ«ቲ» 1966፣ በ«ዩ» 1967 ነው። ትንሽ አሳታሚ ወረቀቱ ላይ ዓመት ባይጽፍም ፋብሪካው ጽፎለታል።

አንድ ማሳሰቢያ። አንድ ዘፈን ሲመታ ምዕራቡን ሞናርክ፣ ምሥራቁን ሌላ ፋብሪካ ያትምለት ነበር። ሁለቱም ኦሪጅናል ናቸው። ፋብሪካው ተለየ ብላችሁ «ፎርጅድ!» ብላችሁ እንዳትጮኹ።

3. ፕላስቲኩን ለዩ

የአሜሪካ ትንሿ ሸክላ በሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ትሠራ ነበር፦ ቪኒልና ስታይሪን። ቪኒል ትንሽ ይታጠፋል፣ በጥፍር ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ድምፁ ደፈን ያለ ነው። ወረቀቱም ከሸክላው ጋር አብሮ ስለሚጠፈጠፍ አንድ አካል ይሆናል። ስታይሪን ደረቅ ነው፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ወረቀቱ በሙጫ የተለጠፈ ነው። በመጥፎ መርፌ ከተጫወተ ቶሎ ይሻክራል። ለማጣራት ብላችሁ እንዳታጥፉት፤ ስታይሪን ሲሰበር አያስጠነቅቅም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሞናርክና ኮሎምቢያ ትንንሾቹን ሸክላዎች በብዛት የሠሩት በስታይሪን ነው። የ70ዎቹ የእንግሊዝ ፎርጅድ ግን ብዙውን ጊዜ ቪኒል ነው። ኦሪጅናሉ ስታይሪን ብቻ እንደሆነ የሚታወቅ ሸክላ በቪኒል ከመጣላችሁ ዋጋውን መልሳችሁ አስቡበት።

የፎርጅድ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ወረቀቱ ከፎቶ የተባዛ ስለሆነ ትንንሾቹ ፊደላት ይደበዝዛሉ። ለስላሳው ቀለበት ላይ የፋብሪካ ማኅተም የለም፣ በእጅ የተጫረ ቁጥር ብቻ አለ። ዘፈኑ ከቴፕ ሳይሆን ከሌላ ሸክላ ስለተቀዳ፣ ሙዚቃው ሳይጀምር በፊት የሌላ ሸክላ ጭረት ይሰማችኋል። ይህ የመጨረሻው ብቻውን ይበቃል።

4. ቀኑን ከወረቀት ክምር ውስጥ አውጡ

አሁን ከሸክላው ወጥተን ወደ መዝገብ እንሂድ። ዲስኮግስና 45ካት በተባሉት የሸክላ መዝገብ ድረ ገጾች ላይ መጀመር ጥሩ ነው፤ ፎቶና የቀለበት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ግን የሚሞላቸው እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። አንዱ የሳተውን ሌላው እንዳለ ይቀዳዋል። ዓመቱን ከዚያ ቀድታችሁ አትቁሙ።

የዘመኑ የንግድ መጽሔቶች ቢልቦርድ፣ ካሽ ቦክስና ሪከርድ ወርልድ በየሳምንቱ አዳዲስ ሸክላዎችን ይገመግሙ ነበር። ቢልቦርድ ጎግል ቡክስ ላይ አለ። ካሽ ቦክስም ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። የዘፋኙን ስም ብቻ ሳይሆን የአሳታሚውን ስምና የካታሎግ ቁጥሩንም ፈልጉ፤ ስካኑ ፊደል ያበላሻል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ቢልቦርድ ከ1963 መጨረሻ እስከ 1965 መጀመሪያ የአር ኤንድ ቢ (የጥቁሮች ሙዚቃ) የተወዳጅ ዘፈኖች ዝርዝሩን አቋርጦ ነበር። የ1964 ዘፈን እዚያ አጣሁ ብላችሁ «አልተሰማም» አትበሉ። ለዚያ ዓመት ካሽ ቦክስን ክፈቱ።

ከመጽሔቱም የሚበልጠው የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ መዝገብ ነው። እስከ 1977 ያሉት የታተሙ ጥራዞች ስካን ተደርገው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ተቀምጠዋል። በዘፈን ስም ታገኛላችሁ፤ ደራሲው፣ መብት ያዡና የተመዘገበበት ቀን ይወጣል። «ኢዩ» የሚል ምልክት ያለው ሳይታተም የተመዘገበ ነው፣ «ኢፒ» የታተመ። ብዙ ጊዜ «ኢዩ» ሸክላው ከመውጣቱ በፊት ስለሚመዘገብ ዘፈኑ መቼ እንደተወለደ ይጠቁማችኋል። የተመዘገበው ግን ዜማና ግጥሙ ነው። የድምፅ ቅጂ ራሱ በፌዴራል ሕግ መጠበቅ የጀመረው ከየካቲት 15 ቀን 1972 ወዲህ ነው። ስለዚህ የ60ዎቹን «ቀረጻ» እዚያ አትፈልጉ።

የቢኤምአይና የአስካፕ የኢንተርኔት መዝገቦችም አሉ። እዚያ ያለው የዛሬው የክፍያ ሁኔታ ስለሆነ ከወረቀቱ ሲለይ ታሪክ አለው ማለት ነው። ዳረል ባንክስ በ1966 ሬቪሎት በተባለ የዲትሮይት አሳታሚ ያወጣው «ኦፕን ዘ ዶር ቱ ዩር ሃርት» ጥሩ ምሳሌ ነው። ወረቀቱ ላይ ደራሲው ባንክስ ብቻ ነበር። ዘፋኙ ዶኒ ኤልበርት ግን ዘፈኑ «ቤቢ ዎክ ራይት ኢን» በሚል ስም የእኔ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻም የጋራ ሆነ። ሁለተኛውን ስም ሳታውቁ የዘፈኑን ሥር አታገኙትም።

5. ቅጂዎቹን በጆሮ ለዩ

«ሌላ ቅጂ» ሲባል ብዙ ነገር ነው። ያው ቀረጻ በሌላ ሚክስ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የተዘፈነ ሁለተኛ ሙከራ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ የተደገመ ቀረጻ ሊሆን ይችላል። ሙዚቃው ያው ሆኖ ዘፋኙ የተቀየረበትም አለ፤ ሞታውን ይህን በብዛት ያደርግ ነበር። ሻጮች አራቱንም «አልተርኔት» ብለው ይሸጧችኋል።

ለመለየት ዘፋኙን አትስሙ። ድምፅ ያታልላል። ከበሮውን ስሙ። ከበሮ መቺ አንድን ጥቅልል ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ አድርጎ አይመታም። በመጀመሪያው ቁጥር መጨረሻ ላይ፣ በመሸጋገሪያውና ማለቂያው አካባቢ ያሉትን የከበሮ ጥቅልሎች አወዳድሩ። አንድ ከሆኑ የሙዚቃው ቴፕ አንድ ነው። የባሱ ስሕተትም እንዲሁ ይመሰክራል። ርዝመቱ ብቻ ከተለየ ቶሎ ወይም ዘግይቶ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው፤ አዲስ ቅጂ ብላችሁ አትደሰቱ።

ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሁለቱን ቅጂዎች አስገቡ፣ መነሻቸውን አስተካክሉ፣ አንዱን «ኢንቨርት» አድርጉ (የድምፅ ሞገዱን ገልብጡ)፣ አብራችሁ አጫውቱ። ያው ቀረጻ ከሆነ እርስ በርስ ተጣፍቶ ድምፁ ይሳሳል። ከሸክላ የተቀዳ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሚዋዥቅ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ጥቂት ሰከንድ ቢሳሳም በቂ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የቃናውን ከፍታ አስተካክሉ። አንዳንዱ አሳታሚ ዘፈኑ እንዲሞቅ ቴፑን አፍጥኖታል።

የድጋሚ ቀረጻ ምሳሌ ከተፈለገ ግሎሪያ ጆንስ አለች። «ቴይንትድ ላቭ»ን በ60ዎቹ አጋማሽ ሻምፒዮን ለተባለ አሳታሚ ዘፈነችው፣ ያውም ሁለተኛው ገጽ ላይ። ሰሚ አላገኘም። በ70ዎቹ የእንግሊዝ ዲጄዎች አነሡትና በ1976 ራሷ ደግማ ቀረጸችው። ሁለቱን ለይቶ የማይጽፍ ሻጭ ካጋጠማችሁ ጠይቁት።

«መጀመሪያ የወጣ» እና «መጀመሪያ የተቀረጸ» ደግሞ ሁለት ነገር ናቸው። «አይ ሄርድ ኢት ስሩ ዘ ግሬፕቫይን»ን ሕዝቡ በሸክላ ቀድሞ የሰማው በ1967 ከግላዲስ ናይት ነው። በዓለም የታወቀው የማርቪን ጌይ በ1968 ወጣ። ግን ጌይ የቀረጸው ከግላዲስ በፊት ነበር፤ ከሁለቱም በፊት ደግሞ በ1966 ሚራክልስ ቀርጸውታል። በወጣበት ቀን ብቻ ብትሄዱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥባችኋል።

6. ሰዎቹንና ቴፑን ተከታተሉ

የሙዚቀኞች ማኅበር ውል ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ቀኑን፣ ስቱዲዮውንና የተጫዋቾቹን ስም ይዟል። ችግሩ የዲትሮይት ሰዎች ሁሌ በውል አልሠሩም። ፈንክ ብራዘርስ የሚባሉት የሞታውን ሙዚቀኞች ማታ ማታ ለሌሎች አሳታሚዎች ይጫወቱ ነበር። የካፒቶልስ «ኩል ጀርክ» ላይ ያሉት እነሱ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ስማቸው አይገኝም። ስለዚህ አንድ የማይታወቅ የዲትሮይት ሸክላ «ሞታውን ሞታውን ይሸታል» ብትሉ ተሳስታችሁ ላይሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ቴፑ ዛሬ በማን እጅ እንዳለም እወቁ። ትንንሾቹ አሳታሚዎች ተሸጠዋል፣ ቴፑም አብሮ ሄዷል። ስታክስ የተባለው የሶል አሳታሚ በ1968 ከአከፋፋዩ ከአትላንቲክ ጋር ሲለያይ የቀድሞ ቴፖቹ በውሉ መሠረት የአትላንቲክ መሆናቸውን ያወቀው ያኔ ነው። ይህን ካወቃችሁ የትኛው ኩባንያ ሕጋዊ ድጋሚ እትም ሊያወጣ እንደሚችል ይገባችኋል። ከ1982 ጀምሮ የእንግሊዙ ኬንት ሪከርድስ የአሜሪካ መጋዘኖችን እየፈተሸ ሳይወጡ የቀሩ ቀረጻዎችን አውጥቷል። የሲዲዎቹ መግለጫ ጽሑፎች በእኔ ግምት ከአብዛኛው የኢንተርኔት ወሬ ይሻላሉ።

የአገራችንስ?

ይህ ዘዴ ለአዲስ አበባ ሸክላዎችም በከፊል ይሠራል። አምኃ እሸቴ በ1969 አምኃ ሪከርድስን ሲጀምር የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ፤ ዓለማየሁም የሶልን ለዛ ይዞ የመጣ ድምፃዊ ነበር። ያኔ ሸክላው የሚታተመው ውጭ አገር ስለነበር የቀለበቱ ጽሑፍ ስለ አዲስ አበባ ሳይሆን ስለ ፋብሪካው ነው የሚናገረው። የዘፋኙና የዘፈኑ ስም በላቲን ፊደል በየጊዜው በተለያየ መንገድ ስለተጻፈ፣ ስትፈልጉ የምታስቡትን አጻጻፍ ሁሉ ሞክሩ። የካታሎግ ቁጥር ከስም ይልቅ ይታመናል። ዋሽንግተን ወይም አዲስ አበባ ያሉ የያኔ ሙዚቀኞችና ሸክላ ቤት የነበራቸው አባቶች ደግሞ የትም መዝገብ ላይ የሌለውን ያውቃሉ። ጊዜ ሳታጠፉ ጠይቋቸው።

አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

የፍራንክ ዊልሰን «ዱ አይ ላቭ ዩ (ኢንዲድ አይ ዱ)» የዚህ ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። ሞታውን በ1965 «ሶል» በተባለው ንዑስ አሳታሚው፣ በካታሎግ ቁጥር 35019 ለሬዲዮ የሚሆን ቅጂ አሳተመ። ከዚያ ነገሩ ተተወ፤ ዊልሰን በፕሮዲዩሰርነቱ ቀጠለ፣ ሸክላዎቹም ሁሉም ለማለት ይቻላል ተወገዱ። የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ በ2009 በ25,742 ፓውንድ ተሸጠ፤ በ2020 ደግሞ 100,000 ፓውንድ ገደማ ደረሰ።

አሁን ፈላጊ ሁኑ። በ70ዎቹ ዊጋን ካሲኖ ውስጥ ዘፈኑ የሚታወቀው «ኤዲ ፎስተር» በሚል የውሸት ስም ነበር፤ በዚያው ስም ፎርጅድም ታትሟል። የሚያሳስተው ነገር ኤዲ ፎስተር የሚባል እውነተኛ የሶል ዘፋኝ መኖሩ ነው። በስሙ ብትሄዱ ወደ ሌላ ሰው ሕይወት ትገባላችሁ። ሁለተኛ፣ ክሪስ ክላርክም ይህንኑ ዘፈን ለሞታውን ቀርጻዋለች፤ የሴት ድምፅ ያለበት ቅጂ ካገኛችሁ ከቨር (ሌላ ሰው በኋላ የደገመው) ብላችሁ አትለፉት። ሦስተኛ፣ በ1979 የእንግሊዙ ታምላ ሞታውን ቲኤምጂ 1170 በሚል ቁጥር ሕጋዊ እትም አወጣ። እሱ ፎርጅድም አይደለም፣ የ1965ቱም አይደለም። «ኦሪጅናል ፍራንክ ዊልሰን» የሚል ሻጭ ስታገኙ ከነዚህ አንዱን ይዞ እንደሆነ መጀመሪያ ጠርጥሩ።

ለእያንዳንዱ ሸክላ አንድ ፋይል ክፈቱ። የወረቀቱ ፎቶ፣ የቀለበቱ ፎቶ፣ የመጽሔቱ ገጽ፣ የቅጂ መብት መዝገቡ አብረው ይቀመጡ። ከእያንዳንዱ መረጃ ጎን ከየት እንዳመጣችሁት ጻፉ። መረጃዎቹ ሲጋጩ አንዱን አትሰርዙ፤ ሁለቱንም አስቀምጡና ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ሻጭን ስትጠይቁ ደግሞ «ኦሪጅናል ነው ወይ?» አትበሉ፣ መልሱ ሁሌ «አዎ» ነው። «የለስላሳውን ቀለበት ፎቶ ከጎን መብራት አንሥተህ ላክልኝ» በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።